ስፌትን ስለ መተርተር

ስለ ልብስ ስፌት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መርፌና ስለ ክር፥ ስለ ስፌት መኪናም እንዲሁ። የተሰፋውን ስለ መተርተር ግን ብዕሩን ያነሣ ሰው እምብዛም አላጋጠመንም። ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም። መስፋት ሥራ ይባላል፤ መተርተር ግን ሥራ ሲበላሽ የሚመጣ ቅጣት መስሎ ይታያል። የልብስ ስፌት የሚማሩ ልጃገረዶች መምህርታቸው «ተርትሪውና እንደገና ስፊው» ስትላቸው ፊታቸው የሚጠቁረው ስለዚህ ነው። እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት እስክንነሣ ድረስ የነበረን አስተያየት ከእነርሱ የተለየ አልነበረም።

አሳባችንን ያስለወጠን አንድ ካፖርት ነው። ከአባታችን የወረስነውን የሱፍ ካፖርት በልካችን ለማስጠበብ ወደ አንድ ልብስ ሰፊ ወሰድነው። ሰውየው ችኩል ሠራተኛ ኖሮ፥ ስፌቱን ከጫፉ በመቀስ ከከፈተ በኋላ ግራና ቀኙን በሁለት እጁ ይዞ ሳበው። ክሩ ተበጠሰ፤ ነገር ግን ሱፉም ከብብቱ በታች አብሮ ተቀደደ። ካፖርታችንን አንሥተን ዕድሜያቸው ጠና ካለ ሌላ ሰፊ ዘንድ ሄድን። እኒህ ሽማግሌ ግማሽ ምላጭ በሁለት ጣቶቻቸው መካከል ይዘው፥ ጨርቁን ወደ ብርሃን አዙረው፥ ክሩን ብቻ እየመረጡ ይቆርጡ ጀመር። ሲሠሩም «ጌታው፥ ይህ ልብስ የተሰፋው ሲያስፈልግ እንዲፈታ ተብሎ ነው፤ ጉልበት አያሻውም» አሉን።

ይህ አነጋገራቸው ከእኛ ጋራ ብዙ ጊዜ ቆየ። ነገሩን ስንከታተለው የሽማግሌው ቃል የአንድ ካፖርት ነገር ብቻ አለመሆኑን ተረዳን። አብዛኛው የሰው ልጅ ልብስ ለብዙ ዘመን የተሰፋው እንዲፈታ ተብሎ ነው። ጨርቅ ውድ፥ የሰው እጅ ርካሽ በነበረበት ዘመን ስፌት ጊዜያዊ ነገር ነበረ፤ ጸንቶ የሚኖረው ጨርቁ ነው። ጨርቅ ሲረክስና ጊዜ ሲወደድ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ስለዚህ አንድ ሕዝብ ስፌቱን እንዴት ይተረትር እንደ ነበረ ማወቅ፥ በዚያ ዘመን ምን እንደ ተከበረና ምን እንደ ተናቀ ለማወቅ ይረዳል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ18ኛው መቶ ዓመት በፓሪስና በለንደን የነበሩትን ወይዛዝርት ልብስ እንመልከት። የሐር ጨርቁ የሚመጣው ከሊዮን ወይም በለንደን አጠገብ ከነበረው ከስፒታልፊልድስ ሸማኔዎች ሲሆን፥ አበባው አንድ በአንድ በእጅ የሚሸመን ስለሆነ ዋጋው እጅግ የከበረ ነበር። ለሰፊይቱ የሚከፈለው ግን ከጨርቁ ዋጋ ጋራ ሲነጻጸር ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት ሰፊይቱ መቀሷን ትፈራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጨርቁን በመቁረጥ ፈንታ ታጥፈዋለች፤ ከጀርባ ከአንገት እስከ መሬት የሚወርደው የቀሚሱ ሰፊ እጥፋት፥ ለውበት የተሠራ ቢመስልም፥ ሐሩ ሙሉ ወርዱን እንደያዘ እንዲቆይ የሚያደርግ ቁጠባም ነበረበት። ስፌቱም ተራርቆ የተወጋ፥ ቀለል ያለ ነው። ፋሽኑ በተለወጠ ጊዜ፥ ወይም እናት ለልጇ ባወረሰች ጊዜ፥ ክሩ በትንሽ ቢላዋ ወይም በሾለ መቀስ ይቆረጥና ጨርቁ ወደ ሌላ ቀሚስ ይዛወራል። ዛሬ በሙዚየም ከሚጠበቁት የዚያ ዘመን ቀሚሶች ብዙዎቹ የቀድሞ መርፌ ቀዳዳና የቀድሞ እጥፋት ምልክት ይታይባቸዋል። ሊቃውንቱም በዚህ ምልክት እየተመሩ፥ በ1780ዎቹ የተሰፋ ቀሚስ ሐሩ ከዚያ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ የተሸመነ መሆኑን ይለያሉ።

አውሮጳውያን ይህን ያደርጉ የነበረው በችግርና በቁጠባ ነው። መተርተርን የቤት ሥርዐት፥ የዓመቱም ተራ ሥራ ያደረጉት ግን ጃፓኖች ናቸው፤ ስለዚህ በእነርሱ ዘንድ ጥቂት መቆየት ይገባናል።

የጃፓን ባህላዊ ልብስ ኪሞኖ የሚሠራው ታን ከሚባል አንድ ጥቅል ጨርቅ ነው። የታን ወርዱ 36 ሳንቲሜትር ያህል፥ ርዝመቱ 12 ሜትር ያህል ነው። ሰፊው ይህን ጨርቅ በስምንት ቁራጭ ይከፍለዋል፤ ሁለት ለአካል፥ ሁለት ለእጅጌ፥ ሁለት ከፊት ለሚደራረበው፥ ሁለት ለአንገትጌ። ቁራጮቹ ሁሉ ቀጥ ያሉና አራት ማዕዘን ናቸው ማለት ይቻላል፤ እንደ አውሮጳ ኮት በብብትና በትከሻ ላይ ዞሮ የሚቆረጥ ነገር የለም። ኪሞኖው ለትንሽ ሰው የሚሰፋ ቢሆንም እንኳ ትርፉ ተቆርጦ አይጣልም፤ በስፌቱ ውስጥ ታጥፎ ይቀመጣል። የእኛ አገር አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። የእኛም ሸማኔ ጨርቁን የሚሸምነው መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ በሚደርስበት ወርድ ልክ ስለሆነ፥ ጋቢ የሚሰፋው ወርድና ወርዱን በመርፌ በማጋጠም ነው። ከዕቃው የወረደውን ጨርቅ እንዳለ ማክበር ሁለቱን አገሮች ያመሳስላቸዋል።

ኪሞኖ ሲያድፍ፥ በተለይም ሐር የሆነ እንደ ሆነ፥ እንደ ተሰፋ ወደ ውሃ አይገባም ነበር። አራይሃሪ የሚሉት፥ ትርጓሜውም «ማጠብና መወጠር» የሆነ ሥራ አላቸው። በመጀመሪያ ስፌቱ በሙሉ ይተረተራል። ለዚህ የሚይዙት መሣሪያ ኒጊሪባሳሚ የሚባል ትንሽ መቀስ ነው፤ የእኛን መቀስ አይመስልም፥ ከአንድ ብረት ተቀጥቅጦ እንደ ወረንጦ የታጠፈ ነው። በመዳፍ ውስጥ ተይዞ ሲጨበጥ ይቆርጣል፥ ሲላላ በራሱ ይከፈታል። የኪሞኖው ስፌት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ተራ የእጅ ስፌት ስለሆነ፥ አንዱ ቦታ ከተቆረጠ ክሩ ረጅሙን መንገድ ያለ ችግር ተስቦ ይወጣል። ቀጥሎ ስምንቱ ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ በላላ ስፌት ይያያዛሉ፤ ልብስ የነበረው ነገር እንደገና ያን 12 ሜትር ጨርቅ ይሆናል። ከዚያ ይታጠባል። ከባሕር ሣር ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫም እንደ አሚዶ ይቀባል። ከተቀባ በኋላ ወይ በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይደርቃል፥ ወይም ሺንሺ በሚባሉ፥ ሁለቱ ጫፋቸው መርፌ በሆነ ቀጫጭን የቀርከሃ ዘንጎች ወርዱ ይወጠራል። ዘንጎቹ ከጨርቁ በታች እንደ ደጋን ጎብጠው ብዙ ሆነው ሲሰለፉ ማየት የሚያስደንቅ ነው። ጨርቁ ከደረቀ በኋላ እንደገና ይሰፋል። በዚህ ጊዜ የተበላው ክፍል ወደማይታይበት ይዛወራል፤ የአባት ልብስ ለልጅ፥ የእናት ለልጃገረድ ሊሆን ይችላል።

ለክረምት የሚለበሰው ኪሞኖ ደግሞ በውጭ ጨርቁና በገበሩ መካከል ባዘቶ ይደረግበታል። ቅዝቃዜው ሲያልፍ ስፌቱ ተተርትሮ ባዘቶው ይወጣል፤ ልብሱ ድርብ ሆኖ ይለበሳል። ይህ የሚደረግበት ቀን በአሮጌው የጨረቃ አቆጣጠር የአራተኛው ወር የመጀመሪያ ቀን ነበር። በጃፓን አንድ እንግዳ የቤተሰብ ስም አለ፤ ሲጻፍ «አራተኛ ወር አንደኛ ቀን» የሚል ምልክት ነው፥ ሲነበብ ግን ዋታኑኪ ይባላል፤ ይኸውም «ባዘቶ ማውጣት» ማለት ነው። ጃፓን በ1873 የአውሮጳውያንን የቀን አቆጣጠር ስትቀበል አሮጌው ቀን ከመዝገብ ወጣ፤ ስሙን የያዙ ቤተሰቦች ግን እስከ ዛሬ አሉ። ስፌት የመተርተር ቀን የሰው ስም እስኪሆን ድረስ በተከበረበት አገር፥ ሥራው እንደ ቅጣት ሊቈጠር አይችልም ነበር።

የጃፓን መንግሥት በ1872 አዲስ የትምህርት ሥርዐት ካቆመ በኋላ ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ለመስደድ ማመንታታቸው ስለ ታየ፥ በ1879 በወጣው ሕግ ለሴቶች ልብስ ስፌት ከትምህርቱ ጋራ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ዋታናቤ ታትሱጎሮ የተባለው የስፌት መምህር በ1881 በቶኪዮ ትምህርት ቤት ከፍቶ፥ ተማሪዎቹ ልብሱን ሁሉ በመጀመሪያ በትንንሽ አምሳያ እንዲሰፉ ያደርግ ነበር። በትንሽ ጨርቅ የተሳሳተ ሰው በትንሹ ይተረትራል። አምሳያዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ ተጠብቀው፥ በ2000 የአገሪቱ የከበረ ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። ስለ ትምህርት አሰጣጥ ለሚያስቡ መምህራን የዚህ ሰው ሥራ ሊጠና የሚገባው ይመስለናል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ እጅ ስፌት ነው። መኪና ሲመጣ ስፌቱ ራሱ ተለወጠ፤ አተረታተሩም እንዲሁ። በ1830 ባርቴሌሚ ቲሞንዬ የተባለ ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ሠርቶ የባለመብትነት ፈቃድ አወጣ። በፓሪስ 80 ያህል መኪና አቁሞ የወታደር ልብስ ሲሰፋ፥ እንጀራችን ሊቋረጥ ነው ብለው የፈሩ ልብስ ሰፊዎች በ1831 ገብተው መኪናዎቹን ሰባበሩበት። ቲሞንዬ በ1857 በድህነት ሞተ። የእርሱ መኪና የሚሰፋው በአንድ ክር ነበር፤ አንዱ ቀለበት በሌላው ቀለበት ውስጥ እያለፈ እንደ ሰንሰለት ይያያዛል። ይህ ዐይነት ስፌት አንድ ባሕርይ አለው፤ የመጨረሻው ቀለበት ከተፈታና ክሩ ከተሳበ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። ከተጀመረበት በኩል ቢስቡት ግን እንቢ ይላል። ዱቄት፥ ስኳር ወይም ሲሚንቶ የያዘ ከረጢት ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ትክክለኛውን ጫፍ ያገኘ እንደ ሆነ አፉ ወዲያው ይከፈትለታል፥ የሳተ እንደ ሆነ ግን ሲታገል ቆይቶ ቢላዋ ይጠይቃል።

ኤልያስ ሃው የተባለው አሜሪካዊ በ1846 ፈቃድ ያወጣበት፥ አይዛክ ሲንገርም በ1851 ካሻሻለ በኋላ በዓለም ሁሉ የተሰራጨው መኪና በሁለት ክር የሚሰፋ ነው። የላይኛውና የታችኛው ክር በጨርቁ ውስጥ መካከል ላይ ይቆላለፋሉ። ቢበጠስም አንድ ቦታ ብቻ ይላላል እንጂ ሌላውን አያስፈታም። ጥንካሬው ሰውን ሁሉ ደስ አሰኘ። ዳሩ ግን የማይፈታ ስፌት ለሚያርመው ሰው መከራ ነው። አንድ ጥልፍ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ቢሆን በአንድ ሜትር ስፌት ውስጥ 400 ጥልፍ አለ። እያንዳንዱን ልቁረጥ የሚል ተማሪ ዐይኑንም ትዕግሥቱንም ይጨርሳል። ብልሃቱ ሌላ ነው። በአንድ ገጽ በኩል ብቻ በየአምስቱ ጥልፍ አንዱ ይቆረጣል፤ ለአንድ ሜትር 80 ቊራጭ ይበቃል ማለት ነው። ከዚያ ጨርቁ ይገለበጥና የሌላው ገጽ ክር ቀስ ብሎ ሲሳብ ሳይበጠስ ረጅም ሆኖ ይወጣል፥ የተቆራረጡትም ብናኞች በጣት ወይም በብሩሽ ይረግፋሉ። ልምድ ያለው ሰፊ ደግሞ ልኩ ገና ያልተረጋገጠ ልብስ ሲሆን አስቀድሞ ጥልፉን ያስረዝማል።

ክሩ ከወጣ በኋላ ቀዳዳው ይቀራል። ሱፍና ጥጥ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ካውያ ሲያልፍበትና በጥፍር ጀርባ ወደ ድርም ወደ ማግም ሲታሽ ቀዳዳው ይዘጋል። ቆዳ ግን የወጋውን አይረሳም፤ ስለዚህ የቆዳ ሰፊ ከመውጋቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።

ስለ መሣሪያውም ጥቂት እንበል። ለመተርተር ብቻ የተሠራ ዕቃ በብዙ ሰው እጅ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ሰው ለሺሕ ዓመታት በቢላዋ፥ በመቀስ ጫፍና በመርፌ ሲሠራው ኖሯል። ዛሬ ከስፌት መኪና ጋራ የሚመጣው መተርተሪያ ሁለት ጣት እንዳለው ትንሽ መንሽ ነው፤ አንዱ ጣት ረዘም ብሎ የሾለ፥ ሌላው አጠር ብሎ ጫፉ ላይ ቀይ ዶቃ የሚመስል ነገር ያለበት። ስለቱ ያለው በሁለቱ ጣቶች መገናኛ ላይ ነው። ብዙ ሰው ቀይዋን ዶቃ ለጌጥ የተደረገች ያስመስላታል። ሥራዋ ግን ስፌቱ በተከፈተ ጊዜ በሁለቱ ጨርቆች መካከል እየተንሸራተተች ሹሉ ጫፍ ጨርቁን እንዳይወጋው መጠበቅ ነው። በእኛ ከተሞች ግን ይህን ዕቃ ከሚይዘው ሰፊ ይልቅ ምላጭ የሚይዘው ይበዛል። ኪንግ ጂሌት የተባለ አሜሪካዊ በ1904 ፈቃድ ያወጣበት ስስ ምላጭ ለጢም ታስቦ የተሠራ ነው፤ ለአገጭ የደነዘዘው ለክር ገና ስለት አለው። አደገኛነቱ የታወቀ ቢሆንም፥ በሽማግሌው ሰፊ እጅ ላይ እንዳየነው፥ የሚይዘው ጣት እንጂ ምላጩ ራሱ ጨርቅ አይቀድም።

የመኪናው ዘመን ጨርቁን አርክሶ መተርተርን ወደ ስህተት ማረሚያነት ካወረደው በኋላ፥ ጦርነት መልሶ ከፍ አደረገው። በእንግሊዝ አገር ከጁን 1 ቀን 1941 ጀምሮ ልብስ በኩፖን ብቻ ይሸጥ ጀመር። ለአንድ ሰው በመጀመሪያው ዓመት የተሰጠው 66 ኩፖን ሲሆን፥ አንድ ሙሉ የወንድ የሱፍ ልብስ፥ ኮት ሱሪና ሰደርያ፥ ብቻውን 26 ኩፖን ይወስድ ነበር። በኋላም ቁጥሩ እየቀነሰ ሄደ። ንግድን የሚቈጣጠረው መሥሪያ ቤት በ1943 ያለውን አብቃቅቶና ጠግኖ ስለ መልበስ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። ሴቶች ወደ ጦር ግንባር የሄዱ ባሎቻቸውን ኮት እየተረተሩ የራሳቸውን ጉርድና ጃኬት ሰፉ፤ ከፓራሹት የተገኘውን ሐርና ናይሎንም ቁራጭ በቁራጭ ፈትተው የሠርግ ልብስ አደረጉት። ፓራሹቱ የሰው ነፍስ እንዲይዝ ተብሎ በድርብ ስፌት የተሰፋ ነውና፥ ያን ስፌት መፍታት የስንት ምሽት ሥራ እንደ ነበረ ከላይ የቈጠርነውን ያስታወሰ ሰው ይገምተዋል። የኩፖኑ ሥርዐት የቀረው በማርች 1949 ነው።

በዚያው ዘመን አሜሪካኖች በሌላ በኩል ተመሳሳይ ነገር ያደርጉ ነበር። ዱቄትና የከብት መኖ በጥጥ ከረጢት ይሸጥ ስለ ነበረ፥ ነጋዴዎቹ ገዢ ለመሳብ ከረጢቱን አበባ ያትሙበት ጀመር። የገጠር ሴቶች ያን የሰንሰለት ስፌት በትክክለኛው ጫፍ ስበው ከረጢቱን ይፈቱታል፤ ጨርቁ ለልጆች ቀሚስና በቁርጥራጭ ጨርቅ ለሚሰፋው የአልጋ ልብስ፥ ክሩም ተጠቅልሎ ለሌላ ስፌት ይውላል።

ስለ ኮት መገልበጥም ሳናነሣ አናልፍም። በአውሮጳ ከተሞች እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ድረስ ጥሩ የሱፍ ኮት ፊቱ ሲገረጣና ሲያብለጨልጭ አይጣልም ነበር። ሰፊው በሙሉ ተርትሮ፥ ገበሩን አውጥቶ፥ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ገልብጦ፥ ፀሐይ ያላየው የውስጡ ገጽ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጎ መልሶ ይሰፋዋል። ሥራው ከአዲስ ኮት ይልቅ ያስቸግራል፤ ቁልፍ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ጎን ስለሚለውጡ አሮጌዎቹ እንዳይታዩ ሆነው በክር መደፈን አለባቸው። ሆኖም አንድ የማይሸሸግ ምልክት ይቀራል። በግራ ደረት ላይ የነበረችው ኪስ በቀኝ ትገኛለች። ኪሱን በቀኝ ያየ ሁሉ የሰውየውን የኑሮ ሁኔታ ያውቃል፤ በዚህ ያፈሩ ብዙዎች እንደ ነበሩ ይነገራል። እኛ ግን ያ ኪስ ከሚያሳፍር ይልቅ የሚያስመሰግን ይመስለናል፤ ያን ያህል ሰዓት የሚተረተር ኮት በመጀመሪያው ቀን በደንብ የተሰፋ ኮት ነበረና።

ዛሬ በገበያ የሚሸጠው አብዛኛው ልብስ ግን ይህን ሁሉ አይፈቅድም። በአሜሪካ በኮኔክቲከት የነበረው የሜሮ ቤተሰብ በ1881 ጠርዝ የሚጠቀልል መኪና ሠራ። ከዚያ የመጣው ያሁኑ ዘመን መኪና ጠርዙን በክር እየጠቀለለ ይሰፋል፤ ከመርፌው ፊት ባለው ቢላዋም ትርፉን ጨርቅ እየቆረጠ ይጥላል። ፍጥነቱ የሚያስገርም፥ ውስጡም ሲያዩት ንጹሕ ነው። መፍታቱም ቢሆን የሚያውቀውን ሰው አያስቸግርም፤ የመርፌው ክር ከተቆረጠና ከተሳበ የጠርዙ ክሮች በራሳቸው ይራገፋሉ። ነገር ግን ከተፈታ በኋላ የሚገኝ ነገር የለም። የጃፓኑ ሰፊ በእጥፋት ውስጥ ለሚመጣው ልጅ ያስቀመጠው፥ የፓሪሷም ሰፊ ሳትቆርጥ የተወችው ትርፍ፥ በፋብሪካው ወለል ላይ ተጠርጎ ሄዷል።

ካፖርታችንን ካጠበቡልን ሽማግሌ ዘንድ ልብሳችንን ልንወስድ በሄድን ቀን አንድ ወጣት በቅርቡ የገዛውን ሱሪ ይዞ መጥቶ፥ ወገቡ ስለ ጠበበው ትንሽ እንዲለቁለት ለመናቸው። እርሳቸውም መነጽራቸውን አስተካክለው ሱሪውን ገለበጡት፤ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ከወገቡ ወደ ታች ዳሰሱት። ምላጩን ከክብሪት ሣጥን ውስጥ አላወጡም። «ልጄ፥ እፈታው ነበር፤ የሚለቀቅ ጨርቅ ግን አልተዉለትም» ብለው መለሱለት።